“ዘመዳችሁ ነው እንዴ?”
ለማናውቀው ሰው ለምን እናለቅሳለን?

(ይህ ጽሑፍ ተናጋሪው በአንድ የወዳጆች የውይይት ስብሰባ ላይ ያሰሙት ንግግር ነው። ለጋዜጣ እንዲመች መጠነኛ ማሳጠር ተደርጎበታል።)



እንድናገር ስትጋብዙኝ “ርዕሱን አንተው ምረጥ” አላችሁኝ። እኔ ምሁር አይደለሁም። ሙዚቃ ቤት ከፍቼ፣ ካሴት እየሸጥኩ ልጆቼን ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ካሴት ሻጭ ደግሞ ምን ያውቃል ትሉ ይሆናል። አንድ ነገር ያውቃል። ሰው ሲያፈቅርም፣ ሲጣላም፣ ሲከፋውም ወደ እሱ ይመጣል። ስለዚህ ከምርምር ሳይሆን ከባንኮኒዬ ኋላ ሆኜ ካየሁት ልነሳ።

ጥላሁን ገሠሠ ያረፈው ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. ነው። የፋሲካ ዕለት! አገር ሁሉ ጾም ፈትቶ፣ ዶሮውን በልቶ፣ ደስ ብሎት በዋለበት ቀን። በማግሥቱ ሱቄን ልከፍት ስሄድ በሩ ላይ ሰዎች ቆመው አገኘሁ። ካሴት ሊገዙ የመጡ መስሎኝ ነበር። ከፈትኩላቸው፣ ገቡ፣ የሚገዛ ግን የለም። ዝም ብለው ይቆማሉ። አንዷ ሴትዮ ግድግዳው ላይ የለጠፍኩትን የጥላሁንን ፎቶግራፍ አየችና ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ትንሰቀሰቅ ጀመር። እሷን ተከትሎ ሌላው፣ ሌላውን ተከትሎ እኔም።

በዚህ መሐል አንድ ጎልማሳ የሞባይል ካርድ ሊገዛ ገባ። ዙሪያውን አየና “ምነው? ዘመዳችሁ ነው እንዴ?” አለ። በክፋት አልነበረም። ገርሞት ነው። ማንም አልመለሰለትም። እኔም መልስ አልነበረኝም። ካርዱን ሸጥኩለት፣ ሄደ። ጥያቄው ግን እኔ ጋ ቀረ። ይኸው ስንት ዓመቴ፣ እስካሁን እሱን ጥያቄ ስመልስ ነው የምኖረው። ዛሬ ማታ እዚህ የቆምኩትም ለዚያ ሰውዬ መልስ ልሰጥ ነው።

የምሁራኑ መልስ

መጽሐፍ የሚያነቡ ወዳጆቼን ጠይቄ ነበር። እንደነገሩኝ ከሆነ፣ በ1956 እ.ኤ.አ. ሁለት አሜሪካውያን ምሁራን፣ ዶናልድ ሆርተንና ሪቻርድ ዎል የሚባሉ፣ ስለዚህ ነገር ጽፈዋል። ሬዲዮና ቴሌቪዥን አንድ አዲስ ዓይነት ትውውቅ ፈጠሩ ነው የሚሉት። አንደኛው ወገን ይናገራል፣ ይዘፍናል፤ ሌላው ወገን ቤቱ ተቀምጦ ይሰማል። ተናጋሪው ሰሚውን አያውቀውም። የሰሚው ልብ ግን ድምፁን በየቀኑ የሰማውን ሰው ከጎረቤቱ ለይቶ አያየውም። ትውውቁ ባንድ በኩል ብቻ የሚሄድ ነው። ሲሞት ግን ሐዘኑ የእውነት ነው።

ይህ የኛ የሐበሾች በሽታ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የእንግሊዟ ልዕልት ዳያና ነሐሴ 25 ቀን 1989 ዓ.ም. በፓሪስ በመኪና አደጋ ስትሞት ለንደን ምን እንደሆነች አይተናል። ያ ስሜቱን ውጦ መኖርን እንደ ጨዋነት የሚቆጥር ሕዝብ የቤተ መንግሥቱን አጥር በአበባ ሞላው። መንገድ ላይ የማይተዋወቁ ሰዎች ተቃቅፈው ተላቀሱ። ዳያናን በአካል ያገኘ ስንቱ ነው? ከመቶ አንድ አይሆንም።

የምሁራኑ መልስ ደህና መልስ ነው። ግን አልበቃኝም። ለምን ብትሉ፣ ነገሩ በየቀኑ ማየትና መስማት ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ በየማታው ዜና ላይ ቤታችን የሚገቡት ባለሥልጣናት ከጥላሁን የበለጠ ዘመዶቻችን ይሆኑ ነበር! ከደርግ ጀምሮ ስንቱን ሹም፣ ስንቱን ጓድ፣ ስንቱን ክቡር እራታችንን እየበላን አየነው? ከሥልጣን ሲወርድ “ማን ነበር ስሙ?” እንባባላለን። እርግጥ ነው፣ ነሐሴ 2004 ዓ.ም. ጠቅላይ ሚኒስትር መለስ ዜናዊ ሲሞቱ ብዙ ሰው አልቅሷል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ከልቡ ያለቀሰ ነበር፤ ተጠርቶ የወጣም ነበር። ወደ እኔ ሱቅ የመጡትን ግን የጠራቸው የለም። የስም መቆጣጠሪያ የያዘም አልነበረም። በገዛ እግራቸው ነው የመጡት። ይህን ለይተን እንያዘው።

ድምፁ ውስጥ ያስቀመጥነው ነገር

ታዲያ ለምን ጥላሁን?

ሰውየው የተወለደው መስከረም 17 ቀን 1933 ዓ.ም.፣ በመስቀል ዕለት ነው። ልጅነቱን ወሊሶ አሳለፈ። ሀገር ፍቅር ቴአትር ገባ፤ ከዚያም ክቡር ዘበኛ። የታኅሣሥ 1953ቱ መፈንቅለ መንግሥት ሲከሽፍ የክቡር ዘበኛ ሰው ነበርና እሱም ታስሮ ነበር። በንጉሡ ዘመን ዘፈነ፣ በደርግ ዘመን ዘፈነ፣ በኢሕአዴግ ዘመን ዘፈነ። በአማርኛ ዘፈነ፣ በኦሮምኛ ዘፈነ። ሦስት መንግሥት ሲመጣና ሲሄድ፣ ባንዲራው ሲለዋወጥ፣ የአደባባዩ ስም ሲለዋወጥ፣ የትምህርት ቤቱ መዝሙር ሲለዋወጥ፣ አንድ ያልተለወጠ ነገር ቢኖር ያ ድምፅ ነበር።

እና ሰው ምን አደረገ? የራሱን ዕቃ እዚያ ድምፅ ውስጥ አስቀመጠ። ሣጥን የሚቆለፍበት፣ ቤት የሚፈተሽበት፣ ደብዳቤ የሚቃጠልበት ዘመን አይተናላ! ዘፈን ግን አይፈተሽም። ሠርጉን እዚያ አስቀመጠ። የመጀመሪያ ፍቅሩን እዚያ አስቀመጠ። የሄዱበትን እዚያ አስቀመጠ።

አንድ ደንበኛ ነበሩኝ፣ ጡረታ የወጡ አዛውንት። አንዱን የጥላሁን ካሴት ሦስት ጊዜ ገዙኝ። በሦስተኛው “ጋሼ፣ ይኼን እኮ ወስደው ነበር፣ ተሳሳቱ እንዴ?” አልኳቸው። “አልተሳሳትኩም ልጄ” አሉኝ፣ “አንዱ ቦታ ላይ ክሩ አለቀብኝ።” ለካ አንድ ዘፈን ብቻ ነው የሚሰሙት። በቢክ እስክሪብቶ እያጠነጠኑ፣ ወደ ኋላ እየመለሱ፣ እንደገና እሱኑ። ባለቤታቸው ካረፉ ቆይተዋል። በሠርጋቸው ቀን የተዘፈነ ነው። እንግዲህ እኚህ ሰው ጥላሁን ሲሞት ቢያለቅሱ፣ ለማን አለቀሱ ትላላችሁ? ለጥላሁን? ለሚስታቸው? ሁለቱን ማን ይለያቸዋል?

የኛ ለቅሶ

እዚህ ላይ ምሁራኑን ትቼ ወደ እናቶቻችን ልሂድ። ይህን ነገር እናቶቻችን ከማንም በፊት ያውቁታል።

ለቅሶ ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ድንኳን ተጥሏል፣ እድርተኛው ተሰብስቧል፣ አልቃሿ ሙሾ ታወርዳለች። አንዲት የሩቅ ጎረቤት ትገባለች። ሟቹን ከሰላምታ በቀር አታውቀውም። ገና ከበሩ ስትደርስ ጀምራ ግን ደረቷን እየመታች ታለቅሳለች። አስመሳይ ናት? አይደለችም! የምታለቅሰው ባለፈው ዓመት የቀበረችውን ወንድሟን ነው። እያንዳንዱ በሰው ድንኳን የራሱን ያለቅሳል። ይህ ነውር ሆኖ አያውቅም። እንዲያውም ለቅሶ የሚሠራው እንዲህ ሆኖ ነው። አንዱ ሞት ለሌላው ሞት በር ይከፍታል። ዕዳ መክፈያም ነው፤ “ያኔ መጥታልኛለች” ይባላል።

በተራው ለቅሶ ግን አንድ ሥርዓት አለ። ዋና ሐዘንተኛ አለ፣ አጽናኝ አለ። አንዱ ይቀመጣል፣ ሌላው “እግዜር ያጥናህ” ይላል። የዝነኛ ሰው ሞት ይህን ሥርዓት ያፈርሰዋል። ያን ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ዋናው ሐዘንተኛ ማን ነበር? ቤተሰቡ ሐዘኑ እንዳለ ሆኖ፣ ከተማው በሙሉ ሐዘንተኛ ነበር። ታክሲ ውስጥ ረዳቱ ተሳፋሪውን “እግዜር ያጥናችሁ” ሲል በጆሮዬ ሰምቻለሁ። ተሳፋሪው ደግሞ “አንተንም” አለው። የማይተዋወቁ ሰዎች! ሁሉም ሐዘንተኛ፣ ሁሉም አጽናኝ። “ያንተ ምንህ ነው?” የሚል የለም። ይህ ትልቅ ነገር ነው። ምክንያቱን አሁን እነግራችኋለሁ።

የእናቴ ነገር

ይህን በአደባባይ ተናግሬው አላውቅም። ዕድሜዬም ስለገፋ ልናገረው።

በሚያዝያ 1969 ዓ.ም. ኮሎኔል መንግሥቱ ኃይለ ማርያም ያኔ አብዮት አደባባይ በሚባለው፣ ዛሬ መስቀል አደባባይ በምንለው ቦታ ላይ ቆመው፣ ቀይ ነገር የተሞሉ ጠርሙሶች እየወረወሩ ሲሰብሩ ያየ ሰው እዚህ መካከላችን አይጠፋም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ታውቃላችሁ። ቀይ ሽብር ተባለ። በማግሥቱ ዓመት፣ 1970 ላይ፣ ታላቅ ወንድሜን የታጠቁ ሰዎች በሌሊት መጥተው ወሰዱት። አሥራ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። አልተመለሰም። ሬሳውንም አላየን።

ያኔ ማልቀስ ክልክል ነበር። እንዲህ ሲባል የዛሬ ልጆች የተጋነነ ይመስላቸዋል። ድምፅ አውጥቶ ማልቀስ “የፀረ አብዮተኛ እናት ነኝ” ብሎ ማመን ነው። አስከሬን ለመውሰድ የጥይቱን ዋጋ ክፈሉ የተባሉ ቤተሰቦች ነበሩ። ታዲያ እናቴ ምን ታድርግ? ሌሎች ልጆች አሉባት። አላለቀሰችም። ድንኳን አልተጣለም። ጎረቤቶች ለቡና የመጡ መስለው አጠገቧ ተቀምጠው ሄዱ። ስለ ጤፍ ዋጋ አወሩ። “እግዜር ያጥናሽ” የሚል ቃል ከአንድም ሰው አፍ አልወጣም። ተዝካሩንም አላወጣንም። ፎቶግራፉ ሣጥን ውስጥ ገባ፤ ልብስ ተደረበበት።

ወንድሜ ጥላሁንን ይወድ ነበር። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤል ቦተም ሱሪውን በከሰል ካውያ ሲተኩስ የሱን ዘፈን ያንጎራጉራል። ድምፁ ደስ አይልም ነበር፣ እንሥቅበት ነበር። ከሞተ በኋላ ሬዲዮው የጥላሁንን ዘፈን ሲጀምር እናቴ ብድግ ብላ ወጥ ቤት ትገባለች። ዘፈኑ ሲያልቅ ትመለሳለች። እኔ ዘፈን የማትወድ ይመስለኝ ነበር። አድጌ ሙዚቃ ቤት ስከፍት እንኳ አንድም ቀን ሱቄ ገብታ አታውቅም። አልገባኝም! ካሴት ሻጩ ልጇ፣ ሰው ለምን ካሴት እንደሚገዛ የሚያውቀው ልጇ፣ የገዛ እናቱ አልገባችውም።

ያ የፋሲካ ማግሥት ነው። ሱቁን ዘግቼ ቤት ስገባ ሬዲዮው ተከፍቷል፣ ጥላሁን ይዘፍናል። እናቴ ወጥ ቤት አልገባችም። ወለሉ ላይ ተቀምጣለች። “ጥላሁን ሞተ አሉ?” አለችኝ። “አዎ እማዬ” አልኳት። ያን ጊዜ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። “ጥላሁንዬ” አይደለም ያለችው። “ልጄን! ልጄን!” ነው ያለችው።

ጎረቤት በሩጫ መጣ። “ምን ሆናችሁ? ማን ሞተ?” አሉ። እኔም “ጥላሁን ነው” አልኩ። ውሸት አልነበረም። እውነቱም ግን ያ አልነበረም።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 15 ቀን፣ በመንግሥት ደረጃ ሽኝት ተደረገለት። “ውሰደኝ” አለችኝ። ምርኩዝ የያዘች አሮጊት፣ በዚያ ሁሉ ግፊያ! ወሰድኳት። የት መሰላችሁ? መስቀል አደባባይ። ጠርሙሱ የተሰበረበት አደባባይ፤ በዚያው በሚያዝያ ወር፣ ከሠላሳ ሁለት ዓመት በኋላ። ሕዝቡ እንደ ባሕር ነበር። እናቴ እዚያ መሐል ቆማ ደረቷን እየመታች አለቀሰች። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ፣ እንደ ደንቡ፣ ሳትሸማቀቅ። የሚከለክላት የለም። ፖሊሱም ያለቅሳል። አጠገቧ የቆመ አንድ የማናውቀው ወጣት እጇን ያዘና “እማማ፣ እግዜር ያጥናዎ” አላት።

“አሜን ልጄ” አለች።

ወገኖቼ፣ ያ ልጅ ምን እንደሰጣት አያውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት የጠበቀችው ቃል ነው። ጥላሁን ወደ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ሲሸኝ፣ መቃብር የሌለው ወንድሜም በሰው ድንኳን ተለቀሰለት። ቤት ስንገባ ሣጥኑን አስከፈተችኝ። ፎቶግራፉ ግድግዳ ላይ ተሰቀለ። በዓመቱ፣ በ2002 ዓ.ም.፣ እዚያው አደባባዩ ጥግ ላይ የቀይ ሽብር ሰማዕታት መታሰቢያ ሙዚየም ሲከፈት ሄዳ አየች። “ይኼ ደህና ነው፤ እኔ ግን አልቅሼ ጨርሻለሁ” ነው ያለችኝ።

የቀረው ዕዳ

አሁን ወደ ፖለቲካው ልግባ። ይህ ስብሰባ ፖለቲካ ሳይገባበት ካለቀ ታኮርፋላችሁ አይደል?

ጥላሁንን በክብር የሸኘው መንግሥት ደግ አደረገ። ይመሰገናል። ግን ከዚያ አራት ዓመት በፊት፣ በ1997 እና በ1998 ዓ.ም.፣ ከምርጫው በኋላ እዚሁ ከተማ ውስጥና በሌሎች ከተሞች በጥይት ለሞቱት ባንዲራ ዝቅ አላለም። የአጣሪ ኮሚሽኑ ሰዎች ይፋ ባደረጉት መሠረት የተገደሉት ሲቪሎች 193 ናቸው። የነሱ እናቶች ሐሙስ ዕለት መስቀል አደባባይ አልነበሩም ብላችሁ ታስባላችሁ? እኔ አላስብም። ጥላሁንን ሲያለቅሱ ማንን እንዳለቀሱ እነሱና ፈጣሪ ያውቃሉ።

ሐዘን መውጫ ሲያጣ ምን እንደሚሆንም አይተናል። ሰኔ 22 ቀን 2012 ዓ.ም. አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ አዲስ አበባ ላይ በጥይት ተገደለ። በአካል ሳያውቁት የሚወዱት ብዙ ሺሕ ወጣቶች ነበሩ። እንዲያለቅሱ ጊዜ ተሰጣቸው? አስከሬኑ የት ይቀበር በሚል ግብግብ ተነሣ። ኢንተርኔት ተዘጋ። በጥቂት ቀናት ውስጥ ከ160 በላይ ሰው ሞተ። ከሟቾቹ መካከል ለዘፋኙ ሞት ምንም እጅ የሌላቸው፣ በማንነታቸው ብቻ የታረዱ አሉ። የነሱንስ ለቅሶ ማን ደረሰ? የአንዱ ለቅሶ የሌላው ሞት ሲሆን፣ ያ ለቅሶ አይደለም። ሐዘኑ ግን የመጣው ከአንድ ምንጭ ነው።

በትግራይ ደግሞ ጦርነቱ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ተጀምሮ መርዶው ለቤተሰብ በይፋ የተነገረው በጥቅምት 2016 ነው። ሦስት ዓመት! እናት ሦስት ዓመት በር በር ስታይ። ያ ክልል በአንድ ሰሞን በሙሉ ድንኳን ሆነ። በአማራውም፣ በአፋሩም፣ በኦሮሚያውም ሬሳው ያልተገኘ፣ ድንኳን ያልተጣለለት ስንት ልጅ አለ? የሁሉም እናት አንድ ቀን አንድ ዘፋኝ እስኪሞት መጠበቅ አለባት?

እኔ እምለው ይህንን ብቻ ነው። ለማናውቀው ሰው የምናለቅሰው ጅሎች ስለሆንን አይደለም። ለምናውቀው ሰው ያላለቀስነው ስላለ ነው። ዝነኛው ሰው ድንኳኑን ይተክልልናል፣ እኛ የየራሳችንን ይዘን እንገባለን። ይህን ያህል ሕዝብ ለአንድ ድምፃዊ ሲያለቅስ ያየ ሹም “ሕዝቡ ጥበብ ወዳድ ነው” ብሎ ንግግር አድርጎ መሄድ የለበትም። “ይህ ሕዝብ ስንት ያልተለቀሰ ሬሳ ይዞ ይኖራል?” ብሎ መጠየቅ አለበት። መልሱም ከባድ አይደለም። ሟቾችን በስማቸው ጥሩ። ቁጥራቸውን አትደብቁ። እናት የምታለቅስበትን ቀንና ቦታ አትምረጡላት።

ለዚያ ካርድ ሊገዛ ለመጣው ሰውዬ ደግሞ፣ የት እንዳለ አላውቅም፣ ምናልባት ይህን ጋዜጣ ከአዟሪ እጅ ገዝቶ ያነበው ይሆናል። ጥያቄህ ጥሩ ነበር ወንድሜ፤ አጠያየቁ ላይ ነው የሳትከው። ሌላ ጊዜ ሰው ለዘፋኝ ሲያለቅስ ብታይ “ዘመድህ ነው?” አትበለው። አጠገቡ ቁጭ በልና “ማንን አስታወሰህ?” በለው። ከዚያ ጊዜ ካለህ አዳምጠው፤ ሰዓት ይፈጃል።